ስለ እህል ሻጋታ መርዝና ስለ ቤተ ሰብ ጤና

የአንድ ቤት ጤና ከጎታው ይጀምራል። የቤቱ እመቤት ወጡን ብታጣፍጥ፥ እንጀራውን በንጽሕና ብትጋግር፥ ውኃውን አፍልታ ብታጠጣ፥ እህሉ ገና ከጎታ ሳይወጣ የተበላሸ እንደ ሆነ ድካሟ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ዮሴፍ በግብፅ አገር በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህል አከማችቶ ሕዝቡን ከረኃብ ማዳኑን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምረን ተምረናል። ነገር ግን እህልን ማከማቸት ብቻውን ጥበብ አይባልም፤ የተከማቸው እህል በሚበላበት ቀን ሰውን የሚያኖር ሆኖ እንዲገኝ መጠበቅ የጥበቡ ፍጻሜ ነው።

ዛሬ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልንገልጽ ያሰብነው አፍላቶክሲን ስለሚባለው የሻጋታ መርዝ ነው። ይህን ነገር ለመጻፍ ያነሣሣን፥ በደብረ ታቦርና በዙሪያው ባለው በደቡብ ጎንደር ደጋ የሚኖር ሰው ብዙ ጊዜ «ሻጋታ የቆላ ችግር ነው፤ የእኛን አገር ብርድ ይጠብቀዋል» እያለ ሲጽናና ስለምንሰማ ነው። ይህ አነጋገር በከፊል እውነት ነው፤ በከፊል ግን የሚያዘናጋ ነው። የትኛው እውነት፥ የትኛው መዘናጋት እንደ ሆነ ከዚህ ቀጥለን በየተራው እንገልጻለን።

መርዙ እንዴት እንደ ታወቀ

በ1952 ዓ.ም. ማለት በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1960 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ቱርክ የሚባሉት ታላላቅ ዶሮዎች ምክንያቱ ባልታወቀ በሽታ ያልቁ ጀመር። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100,000 የሚበልጡ ሞቱ። የእንስሳት ሐኪሞች የበሽታውን ስም እንኳ የሚሰጡት አጥተው «ያልታወቀው የቱርክ በሽታ» ብለውት ነበር። በኋላ ሲመረምሩ፥ የሞቱት ዶሮዎች ሁሉ ከብራዚል አገር የመጣ የለውዝ ፋጉሎ የተቀላቀለበት መኖ የበሉ ሆነው ተገኙ። ፋጉሎውን ያበላሸው አስፐርጂለስ ፍላቩስ የሚባል ሻጋታ ነበረና፥ ከዚሁ ከሻጋታው ስም ፊደል ተውጣጥቶ ለመርዙ አፍላቶክሲን የሚል ስም ወጣለት።

ይህ ሻጋታ በአፈር ውስጥ የሚኖር፥ ነፋስ የሚያዛምተው፥ በዐይን ሲታይ ቢጫ ያዘለ አረንጓዴ ዱቄት የሚመስል ነው። መርዙ ግን ከሻጋታው የተለየ ነገር መሆኑን ማስተዋል ይገባል። ሻጋታው ተጠርጎና ታጥቦ ከዐይን ቢጠፋም መርዙ በፍሬው ውስጥ ይቀራል። ሽታ የለውም፤ ጣዕም የለውም፤ መልክም የለውም። ሊቃውንቱም ዓይነቶቹን የለዩት ከሐምራዊ ብርሃን በላይ ያለው ረቂቅ ብርሃን ሲያርፍባቸው በሚሰጡት ቀለም ነው፤ ሰማያዊ ያበራውን ቢ፥ አረንጓዴ ያበራውን ጂ ብለው ሰየሙት። ከሁሉ የከፋው ቢ 1 የሚባለው ነው። ላም ይህን የበላች እንደ ሆነ በሰውነቷ ውስጥ ተለውጦ በወተቷ ይወጣል፤ በወተት የሚገኘውም ኤም 1 ይባላል።

የመርዙ መጠን እንዴት ያለ ጥቂት እንደ ሆነ በአገራችን ምሳሌ ብናስረዳ ይሻላል። የአሜሪካ መንግሥት ለሰው ምግብ የፈቀደው የመጨረሻ ልክ በ1 ኪሎ ግራም 20 ማይክሮግራም ነው። ይህም በአንድ ኩንታል እህል ውስጥ ሲታሰብ 2 ሚሊግራም ማለት ነው፤ ክብደቱም 6 ወይም 7 የጤፍ ፍሬ ቢሆን ነው። የአውሮፓ ኅብረት እንዲበላ በተዘጋጀ እህል ላይ የወሰነው ደግሞ 4 ማይክሮግራም ነውና፥ ከአንድ ኩንታል ውስጥ የአንዲት የጤፍ ፍሬ ክብደት ያህል ብቻ መሆኑ ነው። ለሕፃናት በሚዘጋጀው የእህል ምግብ ላይ፥ ቢ 1 ከሚባለው፥ ከ0.1 ማይክሮግራም እንዳያልፍ አድርገዋል። እንዲህ ያለውን ነገር የሰው ዐይንና ምላስ ሊለየው እንደማይችል ግልጽ ነው።

በሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

መርዙ የሚያጠቃው ከሁሉ በፊት ጉበትን ነው። አጠቃቁም በሁለት መንገድ ነው።

የመጀመሪያው ፈጥኖ የሚገድለው ነው። እጅግ የተበከለ እህል በጥቂት ቀንና ሳምንት ውስጥ በብዛት የተበላ እንደ ሆነ፥ ሰውዬው ያስመልሰዋል፤ ሆዱ ይነፋል፤ ዐይኑ በአገራችን የወፍ በሽታ እንደምንለው ቢጫ ይሆናል፤ ጉበቱም ሥራውን ያቆማል። በ1967 ዓ.ም. መጀመሪያ (1974) በሕንድ አገር በምዕራብ ባሉት ራጃስታንና ጉጃራት በሚባሉት ግዛቶች የሻገተ በቆሎ ከበሉት መካከል 397 ሰዎች ታመው 106 ሞተዋል። በ1996 ዓ.ም. (2004) በጎረቤታችን በኬንያ በምሥራቁ ክፍል 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞቱ። የኬንያው ነገር ለእኛ ትምህርት የሚሆን ነው፤ ሕዝቡ ረኃብ ስለ ጸናበት፥ እህሉም እንዳይሰረቅ ስለ ፈራ፥ በሚገባ ያልደረቀውን በቆሎ ከመኖሪያ ቤቱ አግብቶ አከማቸው። በዚያው ወራት በአካባቢው ገበያ ከተሰበሰበው 350 የበቆሎ ናሙና ከመቶው 55ቱ ከ20 ማይክሮግራም በላይ፥ ከመቶው 7ቱ ደግሞ ከ1,000 ማይክሮግራም በላይ መርዝ ተገኝቶበታል።

ሁለተኛው ቀስ ብሎ የሚገድለው ነው፤ ይህም ይበልጥ ያሠጋል። ጥቂት ጥቂት እየሆነ ለብዙ ዓመት የተበላ እንደ ሆነ በጉበት ላይ ካንሰር ያመጣል። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት አፍላቶክሲንን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ በተረጋገጠው በመጀመሪያው መደብ ጽፎታል። መርዙ በጉበት ውስጥ ሲለወጥ የሰውነታችን የዘር ጽሕፈት ካለበት ነገር ጋር እየተጣበቀ ጽሕፈቱን ያበላሸዋል፤ ከዚህ በኋላ ያ ክፍል ያለ ልክ ማደግ ይጀምራል። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ በደሙ ያለበት ሰው የሆነ እንደ ሆነ፥ መርዙ ካንሰር የማምጣት ኃይሉ ሌላው ሰው ላይ ካለው 30 እጥፍ ያህል ይሆናል። ስለዚህ ከ1999 ዓ.ም. (2007) ጀምሮ በአገራችን ለሕፃናት ከሌሎች ክትባቶች ጋር ተጣምሮ የሚሰጠው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት፥ ከዚህ ከእህል መርዝም በከፊል የሚጋርድ መሆኑን ወላጆች ይወቁ። ልጅን ማስከተብና ጎታን መጠበቅ አንድ ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

በሕፃናትም ላይ፥ በምዕራብ አፍሪካ በቤኒንና በቶጎ የተደረገው ምርምር፥ በደማቸው መርዙ በብዛት የተገኘባቸው ልጆች በቁመትና በክብደት ከእኩዮቻቸው ያነሱ ሆነው መገኘታቸውን ያሳያል። መርዙ የጨመረውም ከጡት ወጥተው የቤቱን እህል መብላት ሲጀምሩ ነው። እናት ልጇን ከጡት የምታስጥልበት ጊዜ ይልቁን የምትጠነቀቅበት ጊዜ መሆን አለበት።

ደጋው በእውነት ተጠብቆአልን?

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በላይዋ የሚታየው ጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ይህ ሻጋታ የሚወደው ሙቀት ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ያለውን ነው፤ ከ12 ዲግሪ በታች ግን አያድግም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የፋርጣው ገብስና ስንዴ፥ የጉና ግርጌው እህል፥ በእርሻ ላይ ሳለ በዚህ መርዝ የሚያዝበት ዕድል ከቆላው እህል እጅግ ያነሰ ነው። ከላይ በከፊል እውነት ነው ያልነው ይህ ነው።

መዘናጋት ያልነው ግን ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፥ ደቡብ ጎንደር ሁሉ ደጋ አይደለም። ከደብረ ታቦር በስተ ምዕራብ ቍልቍል ቢወርዱ በጣና ዳር የፎገራ ሜዳ ይገኛል፤ ከፍታው ወደ 1,800 ሜትር ነው። በእብናት፥ በስማዳና በታች ጋይንት ደግሞ ማሽላ የሚበቅልበት ቆላ አለ። በዚያ ዝናም ባጠረበት ዓመት ተክሉ በውኃ ጥም ሲዳከም፥ ፍሬውንም ተባይ ሲበሳው፥ ሻጋታው ገና በማሳ ሳለ ይገባበታል። መኸር ከገባ በኋላ ያለ ጊዜው ዝናም የወረደበት ክምር ደግሞ በደጋም ቢሆን ከውስጥ ይግላል፤ የክምሩ ሆድ ከነፋሱ ይልቅ ሞቃት ነውና።

ሁለተኛ፥ የደጋ ሰው የሚበላው የደጋ እህል ብቻ አይደለም። በወረታ መንገድ የሚወጣው መኪና በርበሬ፥ ለውዝ፥ በቆሎና ፋጉሎ ይዞ ይመጣል። ከእነዚህ ውስጥ ለዚህ መርዝ የተጋለጡ ብዙዎች ናቸው። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ከሚመረተው ለውዝ 120 ናሙና ተመርምሮ በ93ቱ ላይ መርዙ ተገኝቶአል፤ መርዙ በተገኘበትም ላይ መጠኑ ከ15 እስከ 11,900 ማይክሮግራም ገደማ እንደ ደረሰ በፈረንጆች በ2013 የታተመው ምርምር ይናገራል። በፈረንጆች በ1996 ዓ.ም. የታተመው ሌላው ምርምር፥ በአዲስ አበባ ከተሰበሰበው 60 የተፈጨ በርበሬና 60 ሽሮ ውስጥ፥ በ8 በርበሬና በ5 ሽሮ ላይ መርዙን አግኝቶአል፤ መጠኑም ለበርበሬው ከ250 እስከ 525፥ ለሽሮው ከ100 እስከ 500 ማይክሮግራም ነበር። የአውሮፓ ኅብረትም በፈረንጆች በ2019 ባወጣው ደንብ ከኢትዮጵያ የሚመጣውን ቅመም በዚህ መርዝ ምክንያት በድንበሩ ላይ ልዩ ምርመራ እንዲደረግበት አዞአል። ለባዕድ ገበያ የተመረመረው በርበሬ ለራሳችን ልጆች ሳይመረመር መቅረቡ የሚያሳስብ ነው።

ሦስተኛ፥ የወተቱ ነገር አለ። በ2007 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ካሉት የወተት ላሞች የተወሰደ 110 ናሙና ተመርምሮ ነበር። በሁሉም ላይ ኤም 1 የሚባለው መርዝ ተገኘ። አውሮፓውያን ከፈቀዱት ከ0.05 ማይክሮግራም ያላለፉት 9 ብቻ ሲሆኑ፥ አሜሪካኖች ከፈቀዱት ከ0.5 ማይክሮግራም ያለፉት 29 ነበሩ። ምንጩ ሲፈለግ በይበልጥ የኑግ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። ነገሩ በተሰማ ጊዜ የከተማው ሕዝብ ደነገጠ፤ ወተት መግዛትም ተወ፤ ምንም ጥፋት የሌለበት ገበሬ ተጎዳ። በደብረ ታቦርም እንደ ሌላው ከተማ ሁሉ የዲቃላ ላም የሚያረቡ ቤተ ሰቦች ፋጉሎ ገዝተው ስለሚያበሉ፥ ከሩቅ የመጣ መርዝ በብርዱ አገር ላም በኩል አልፎ በልጅ ጽዋ ሊገባ ይችላል ማለት ነው።

ከዚህም ሌላ ደጋው የራሱ የሆነ የሻጋታ መርዝ አለው። በ1970 ዓ.ም. (1977–78) ከጋይንት በስተ ምሥራቅ በወሎ በዋድላ ደላንታ፥ ሲናር የተቀላቀለበትን ገብስ የበሉ ሰዎች እጅና እግራቸው እየጠቆረ እስከ መቆረጥ ደርሶ ነበር፤ ብዙዎችም ሞቱ። በሲናሩ ላይ ጥቁር ቀንድ መስሎ የሚወጣው ኤርጎት የሚባለው ሻጋታ ነበር ምክንያቱ። በ1993 ዓ.ም. (2001) በአርሲ እንዲሁ ያለ በሽታ ታይቶአል። ይህ ከአፍላቶክሲን የተለየ መርዝ ነው፤ ነገር ግን ብርድ ከሻጋታ ሁሉ አያድንም ለማለት የበቃ ምስክር ነው።

ምን ማድረግ ይገባል?

ብዙ ሰው እሳት ሁሉን ያነጻል ብሎ ያስባል። ይህ መርዝ ግን ከ230 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ በሚገባ አይፈርስም፤ የፈላ ውኃም በባሕር ወለል ላይ እንኳ 100 ዲግሪ ብቻ ነው፤ በደብረ ታቦር ከፍታ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። መቁላት ጥቂት ይቀንሰዋል፤ ጨርሶ አያጠፋውም። ወተትንም ማፍላት ከሌላ በሽታ ያድናል፤ ከዚህ ግን አያድንም። በአይቡ ውስጥ እንዲያውም ይበረታል፤ በቅቤው የሚቀረው ጥቂት ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ያለው ከማጀቱ በፊት፥ በአውድማውና በጎታው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለ፥ ሥራው ሁሉ አስቀድሞ መከላከል ነው።

1ኛ፥ ሰብሉ በደረሰ ጊዜ ሳይውል ሳያድር ይሰብሰብ። የተሰበሰበውም በባዶ መሬት ላይ አይከመር፤ ሻጋታው የሚኖረው በአፈር ውስጥ ነውና ከሥሩ እንጨት ወይም ድንጋይ ተረብርቦ ከፍ ይበል፤ ዝናም ሲያስፈራም ይከደን።

2ኛ፥ ስጡ በአፈር ላይ አይሰጣ። በሰሌን፥ በቁርበት፥ በሸራ ወይም በጅባ ላይ ሆኖ በቀን ብዙ ጊዜ እየተገላበጠ ይድረቅ፤ ማታ ጤዛ ሳይወርድበት ይሰብሰብ። በርበሬም ዛላው እንዲሁ ይድረቅ። ክብደት እንዲጨምር ወይም ዛላው እንዳይሰበር ብሎ ውኃ የሚረጭበት ነጋዴ ቢኖር፥ የሚረጨው መርዝ እንደ ሆነ ይቍጠረው።

3ኛ፥ መድረቁ ይመርመር። እህል በደኅና የሚቀመጠው በውስጡ ያለው እርጥበት ከመቶው 13 ገደማ ሲሆን ነው፤ ለውዝ ደግሞ ከመቶው 7 ገደማ ሲሆን። መለኪያ መሣሪያ የሌለው ሰው በጨው ሊመረምር ይችላል። ክዳን ያለው ደረቅ ብርጭቆ ጠርሙስ ይወሰድና ሩቡ ያህል እህል ይጨመርበት፤ በፀሐይ በሚገባ የደረቀ ደቃቅ ጨው በማንኪያ ተጨምሮ ተከድኖ ጥቂት ደቂቃ ይናጥ፤ ጥቂትም ይቆይ። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ የተጣበቀ እንደ ሆነ እህሉ ከመቶው ከ15 በላይ እርጥበት አለውና ወደ ስጡ ይመለስ። ሳይጣበቅ የቀረ እንደ ሆነ ከዚያ በታች ወርዶአል፤ አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ቢጨመርለት ይበልጥ ይታመናል።

4ኛ፥ ጎታው ይዘጋጅ። ያለፈው ዓመት እህል ትርፍራፊ ሁሉ ተጠርጎ ይውጣ፤ ስንጥቁ ይለሰን፤ ለስኖም እስኪደርቅ ይቆይ። ጎታም ሆነ ጆንያ በቀጥታ በመሬት ላይ አይቀመጥ፤ ከግድግዳም ይራቅ። የማዳበሪያ ከረጢት ያልብበታልና በሚገባ ያልደረቀ እህል ከቶ አይግባበት። ነቀዝ ፍሬውን ሲበሳ ለሻጋታው በር ይከፍታል፤ ትንፋሹም እህሉን ያረጥበዋል፤ ስለዚህ ነቀዝን መከላከልና ሻጋታን መከላከል አይለያዩም። በዛሬው ዘመን አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ተሠርቶአል፤ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል። ነገር ግን ይህም ቢሆን የሚጠቅመው እህሉ አስቀድሞ የደረቀ እንደ ሆነ ብቻ ነው።

5ኛ፥ እህሉ ይለቀም። መርዙ በእህሉ ሁሉ እኩል የተበተነ አይደለም፤ አንድ ፍሬ እጅግ የተመረዘ ሲሆን በአጠገቡ ያለው መቶ ፍሬ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ብዙውም መርዝ የሚገኘው በተሰበረው፥ በጨነገፈው፥ በተበሳውና መልኩ በተለወጠው ፍሬ ውስጥ ነው። ስለዚህ ማንገዋለሉና በእጅ መልቀሙ፥ እናቶቻችን በሰፌድ ላይ አጎንብሰው የሚውሉበት ሥራ፥ ሰው ከፈለሰፈው ሁሉ ከሚረባው መድኃኒት አንዱ ነው። ይህ ሥራ በአብዛኛው ለሴት ልጅና ለቤት ሠራተኛ የተተወ፥ ዋጋውም የማይቈጠር ሆኖ ኖሮአል፤ ሊቃውንቱ ግን በሚዛን ላይ አስቀምጠው ክብሩን አሳይተውታል።

እነዚህ ነገሮች በእውነት እንደሚጠቅሙ በምዕራብ አፍሪካ በጊኒ ተፈትኖአል። በ20 መንደሮች ውስጥ ግማሾቹ ለውዛቸውን በእጅ እንዲለቅሙ፥ በሰሌን ላይ እንዲያሰጡ፥ በጆንያ ከትተው በእንጨት ላይ እንዲያስቀምጡ፥ ተባይም እንዲከላከሉ ተደረገ፤ ግማሾቹ እንደ ልማዳቸው ቀሩ። ከመኸር 5 ወር በኋላ የሰዎቹ ደም ሲመረመር፥ ምክሩን በተቀበሉት መንደሮች ሰዎች ደም ውስጥ የተገኘው የመርዙ ምልክት የሌሎቹን እኩሌታ እንኳ አልሞላም። ይህ ውጤት በፈረንጆች በ2005 ታትሞ ወጥቶአል። ሰሌን፥ ጆንያና እንጨት በእኛም አገር አይታጣም።

የተለየው እህል ወዴት ይሂድ?

ከዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የማያነሣው አንድ ጥያቄ አለ፤ እኛም ከሁሉ የሚበልጠው ነገር ይህ ይመስለናል። በሰፌዱ ዳር የተለየው የሻገተ ፍሬ ወዴት ይሄዳል?

በብዙ ቤት «ለጠላ ይሁን» ይባላል። ጠላው ተጠምቆ ይጠጣል፤ መርዙም ከጠላው ጋር ይጠጣል፤ አተላው ለላም ይሰጣል፤ ከላሟም ወተት ይታለባል። «ለዶሮ ይበተን» የሚባልም አለ፤ ከላይ እንደ ገለጽነው ይህ መርዝ መጀመሪያ የታወቀው ዶሮ ሲፈጅ ነው። ከገበያ ወስዶ በርካሽ የሚሸጠው ደግሞ አለ፤ የሚገዛውም ሌላ ለመግዛት ያልቻለ ድኻ ነው። እንዲሁም በደጀ ሰላም ለተቀመጠው ነዳይ፥ በቤትም ላደገው ረዳት ልጅ የሚሰጥ አይጠፋም። እንግዲህ ከገበታችን ያራቅነው መርዝ ከአገር አልራቀም፤ ድኻው ዘንድ አደረ፤ ከዚያም ብዙ ጊዜ በወተትና በእንቍላል ዞሮ ወደ እኛው ገበታ ይመለሳል። አቤል ከበጎቹ በኵራትና ከስቡ አቀረበ፤ ምጽዋትም ከተሻለው እንጂ ከሻገተው ሊሆን አይገባም።

ስለዚህ የተለየው ፍሬ ከቤትና ከከብት ርቆ ይቀበር ወይም ይቃጠል እንላለን። የከብት መኖ ነጋዴም ፋጉሎውን በእርጥብ ወለል ላይ አይቈልል፤ የላም ባለቤትም የሻገተውን ፋጉሎ «ከብት አይለይም» ብሎ አያቅርብ። ላሚቱ የተበከለውን መኖ በተወች በጥቂት ቀን ውስጥ ወተቷ ይጠራልና፥ እርምቱ ከባድ አይደለም።

ሆኖም ይህን ስንል ለሁሉ እኩል ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ጎታው የሞላለት ሰው አንድ ቁና የሻገተ እህል ቢያቃጥል አይጎዳም። እስከ ሰኔ የማይደርስ እህል ያለው ድኻ ግን ያችን ቁና ሲጥል የልጆቹን እራት መጣሉ ነው፤ የኬንያ ሰዎችም የበሉት ረኃብ አስገድዶአቸው ነው። «አትብላ» ብሎ መስበክ ለዚህ ሰው ምክር አይሆነውም። የሚጠቅመው እህሉ ከመጀመሪያው እንዳይሻግት ማድረግ ነው፤ ይህም በከፊል በሹማምንት እጅ ያለ ነገር ነው።

በሥልጣን ላላችሁ አንባቢዎቻችን

ገበሬው እህሉን ሳያደርቅ ወደ ገበያ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ በስንፍና አይደለም። የማዳበሪያ ዕዳውና ሌላው ክፍያ ሁሉ በመኸር ወራት ስለሚጠየቅ፥ ሁለት ሳምንት ፀሐይ ለመጠበቅ ጊዜ አያገኝም። እርጥብ እህልም በሚዛን ላይ ስለሚከብድ፥ ያደረቀው ሰው ክብደት ጎድሎበት ይከስራል። ጥንቁቁ የሚቀጣበት፥ ቸልተኛው የሚሸለምበት ገበያ ንጹሕ እህል ሊያመጣ አይችልም። ዕዳው የሚከፈልበት ቀን ጥቂት ቢራዘም፥ በየገበያውም እርጥበት መለኪያ ቢቀመጥና ለደረቀው እህል የተሻለ ዋጋ ቢሰጥ፥ ከብዙ ስብከት ይልቅ ይጠቅማል።

እንዲሁም የመንግሥት፥ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና የትምህርት ቤት ምገባ መጋዘኖች በየጊዜው ቢመረመሩ መልካም ነው። ከቆላ የሚመጣው በቆሎ፥ ለውዝና ማሽላ፥ ለሕፃናት ገንፎ ተብሎ ለውዝ እየተቀላቀለ የሚፈጨው ምጥን፥ ለላም የሚሸጠው ፋጉሎ ከሁሉ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው ነው። የምርመራው ውጤትም በተሰማ ጊዜ፥ በአዲስ አበባ እንደ ሆነው ሕዝቡ ደንግጦ ወተት ጨርሶ እንዳይተው፥ ገበሬውም እንዳይወድቅ፥ ከወሬው ጋር መፍትሔው አብሮ ይነገር። ደብረ ታቦር ዛሬ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት፤ በዚያ ያሉት ወጣት ሊቃውንት የገዛ አገራቸውን ጎታ ቢመረምሩ ለጋይንቱም፥ ለእስቴውም፥ ለፎገራውም ይተርፋል።

ለየቤቱ እመቤትና አባወራ የምንለው ግን አጭር ነው። ዘንድሮ መኸር ሲገባ ጎታው ከመሞላቱ በፊት ይታይ፤ ስጡ ከአፈር ይነሣ፤ በጨውና በጠርሙስ ይፈተን፤ ሰፌዱ ላይ የሚውለው ሰው ይመስገን፤ ሥራውም በቤቱ ላሉ ሁሉ፥ ለወንዱም ጭምር፥ ይከፈል። የተለየውም ፍሬ ለድኻም ለከብትም ሳይተላለፍ በዚያው ይለቅ። እግዚአብሔር የአውድማችንን እህል ይባርክልን፤ እኛም የባረከውን ሳናበላሽ ለልጆቻችን ለማድረስ ያብቃን።